ኮምፒውተር የአማርኛ ድረ ገጽ አንብቦ እውቀት እንዲይዝ ማስተማር፦ ከዜሮ ለሚጀምር

ይህን የምጽፈው ሀዋሳ ውስጥ ላፕቶፕና ትንሽ የፓይተን እውቀት ይዘው "በአማርኛ አንድ ቁም ነገር እንሥራ" ለሚሉ ልጆች ነው። አዳማ ያላችሁም፣ ሌላ ከተማ ያላችሁም ሥራው ያው ነው። የምንፈልገው ኮምፒውተሩ የአማርኛ ድረ ገጾችን ራሱ እያነበበ "ዲላ ጌዴኦ ዞን ውስጥ ናት" የሚለውን ዓይነት ነገር እንዲለቅም፣ በሠንጠረዥ እንዲያስቀምጥ፣ ከዚያም በለቀመው ላይ ተመርኩዞ እኛ ያልነገርነውን እንዲያገኝ ነው።

"ቻትቦት ጠይቀን ለምን አንገላገልም?" የሚል አይጠፋም። ቻትቦት ያነበበውን ሁሉ ቀላቅሎ ነው የሚይዘው። አንድ ነገር ሲነግራችሁ ከየትኛው ገጽ እንዳገኘው በእርግጠኝነት ማሳየት አይችልም። ያነበበው አማርኛም ትንሽ ነው። ከቻትቦቶች ጀርባ ያሉት ብዙዎቹ ሞዴሎች የተመገቡት ኮመን ክሮል የሚባለው የድረ ገጽ ክምችት ከ40 በመቶ በላይ እንግሊዝኛ ሲሆን የአማርኛው ድርሻ 0.1 በመቶ እንኳ አይሞላም። እኛ የምንሠራው ግን እያንዳንዱን መረጃ ከምንጩ ጋር ያስቀምጣል። ሲሳሳት የት እንደተሳሳተ ይታያል፣ ይታረማል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ

ሁሉንም ነገር ባንድ ጊዜ ላስነብብ ያለ ሰው አንዱንም አይዝም። ስለዚህ አንድ ዝምድና ምረጡ። የእኔ ምክር "የትኛው ከተማ የትኛው ዞን ውስጥ ነው" የሚለው ነው። በአማርኛ ዜና ውስጥ ሞልቷል፣ ደግሞም ትክክል መሆን አለመሆኑን አጠገባችሁ ያለ ሰው ጠይቃችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

ከዚያ እርግጠኛ የሆናችሁባቸውን ከ10 እስከ 15 ጥንዶች በእጃችሁ ጻፉ። ዲላ ከጌዴኦ፣ አርባ ምንጭ ከጋሞ፣ ሆሳዕና ከሀዲያ፣ አሰላ ከአርሲ፣ ሻሸመኔ ከምዕራብ አርሲ፣ ነቀምቴ ከምሥራቅ ወለጋ፣ ደሴ ከደቡብ ወሎ፣ ወልድያ ከሰሜን ወሎ፣ እያላችሁ። ጅማን ለጊዜው ተዉት። ከተማውም ዞኑም ጅማ ስለሚባሉ ኮምፒውተሩ የቱን እንዳነበበ ገና መለየት አይችልም። እነዚህ መነሻ ጥንዶች ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ከነሱ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ከተሳሳተ ስሕተቱ አብሮ ይራባል።

መንገዱ የተፈተነ ነው። ሰርጌ ብሪን ጎግልን በመሠረተበት በ1998 እ.ኤ.አ. 5 የደራሲና የመጽሐፍ ጥንዶችን ብቻ ይዞ ተነሣና ኮምፒውተሩ ከ15 ሺህ በላይ መጻሕፍት ያሉበት ዝርዝር እንዲያወጣ አደረገ። ጥንዶቹ አብረው የተጻፉበትን ቦታ ትፈልጋላችሁ፣ የአጻጻፉን ቅርጽ ትይዛላችሁ፣ በዚያ ቅርጽ አዲስ ጥንድ ትፈልጋላችሁ፣ በአዲሱ ጥንድ ደግሞ አዲስ ቅርጽ። እንደዚያ እያለ ይዞራል።

ጽሑፉ ከየት ይመጣል

በአማርኛ ዊኪፒዲያ ጀምሩ። ወደ 15 ሺህ ጽሑፎች አሉት፤ ሙሉው ባንድ ፋይል ተጨምቆ በነጻ ይወርዳል፣ በየወሩም ይታደሳል። ቀጥሎ ኮመን ክሮል። እዚያ ገጾቹ በቋንቋ ተለይተው ማውጫ ስላላቸው የአማርኛዎቹን ብቻ ማውጣት ይቻላል። ሁሉንም ላውርድ እንዳትሉ፣ የማንም ጥቅል አይችለውም! ማውጫውን አይታችሁ የምትፈልጉትን ቁራጭ ብቻ በሌሊት ጥቅል አውርዱ።

ራሳችሁ ድረ ገጾችን የምታስሱ ከሆነ መጀመሪያ የገጹን ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ ፋይል አንብቡ፤ "እዚህ አትግቡ" ያለበት አትግቡ። በሁለት ገጾች መካከል ጥቂት ሰከንዶች ጠብቁ። ብዙዎቹ የአማርኛ ድረ ገጾች አነስተኛ ሰርቨር ላይ ያሉ ናቸው፣ አንድ ሰው በሰከንድ አሥር ጊዜ ቢጠራቸው ለሌላው አንባቢ ይዘጋሉ። ቴሌግራም ላይም ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ አለ፣ የዴስክቶፑ መተግበሪያም የቻናል ታሪክን በፋይል ያወጣል። ግን ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ቻናሎችን ብቻ ውሰዱ። የሰዎችን የግሩፕ ጨዋታ አትንኩ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ባይኖርም የሰው ወሬ የሰው ነው።

ስታወርዱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ካያችሁ ገጹ በድሮዎቹ ፎንቶች፣ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። መቀየሪያ ካላገኛችሁ እለፉት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተጻፈው አብዛኛው እንዲህ ነው።

ማጽዳት፣ ትልቁ ሥራ

ከጠቅላላው ጊዜ ግማሹን የሚበላው ይሄ ነው፤ የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ስለዚህ ምንም አይነግሯችሁም። ሀዋሳን ብቻ ውሰዱ። ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ፣ ዐዋሳ፣ ሁሉም ይጻፋል። ለኮምፒውተሩ አራት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ከማወዳደራችሁ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ አምጡ፣ ከነርባታቸው። ሃና ሀ፣ ኣና አ እንደዚሁ። ዋናውን አጻጻፍ ግን አትጣሉት፤ ለሰው ስታሳዩ እሱን ነው የምታሳዩት። አዋሳና ሀዋሳ፣ ናዝሬትና አዳማ፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ ዝዋይና ባቱ በፊደል ማስተካከል አይገናኙም። ለነሱ ተለዋጭ ስሞችን የያዘ ትንሽ ሠንጠረዥ በእጃችሁ አዘጋጁ።

ቀጥሎ ከስም ጋር የሚጣበቁት ናቸው። በዲላ፣ ከዲላ፣ የዲላ፣ ለዲላ፣ ዲላና፣ ዲላን። ፊተኛውንና ኋለኛውን ቁረጥ ብላችሁ ዝም ብላችሁ ካዘዛችሁት በደሌን "ደሌ"፣ ከሚሴን "ሚሴ"፣ ሆሳዕናን "ሆሳዕ"፣ ቡናን "ቡ" ያደርግላችኋል። መላው እንዲህ ነው። ቆርጣችሁ ያገኛችሁት ስም በሌሎች ቅጥያዎችም ይመጣ እንደሆነ ክምችቱ ውስጥ ፈልጉ። ዲላ እውነተኛ ስም ስለሆነች በዲላም፣ ከዲላም፣ የዲላም ተብላ ትገኛለች። "ሚሴ" ግን "በሚሴ" ወይም "የሚሴ" ተብላ አትገኝም፤ ከፊቷ ሁልጊዜ "ከ" ነው ያለው። "በከሚሴ" እና "የከሚሴ" ደግሞ ሞልቷል። ስለዚህ ስሙ ከሚሴ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ቆጥሮ ራሱ እንዲወስን ማድረግ ትችላላችሁ፤ የቃላት ዝርዝር አያስፈልገውም። እኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው፣ ምክንያቱም አማርኛ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ብሎ የሚያስበው።

ነጥብ ላይም ተጠንቀቁ። ዓረፍተ ነገር የሚያልቀው በአራት ነጥብ ነው ብትሉም ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መትቶ ያልፋል። ዓ.ም. እና ኪ.ሜ. ውስጥ ያለው ነጥብ ዓረፍተ ነገር አይዘጋም። ፲፱፻፶፪ ብሎ የጻፈውን ወደ 1952 ቀይሩት።

ቅርጹን ማውጣት

አሁን ሁለቱም ስሞች ያሉባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አውጡ። ለዲላና ለጌዴኦ የሚመጡላችሁ እነዚህን ይመስላሉ፦

"በጌዴኦ ዞን ዲላ ከተማ የንግድ ትርኢት ተከፈተ።"

"የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ዲላ..."

"ዲላ በጌዴኦ ዞን የምትገኝ ከተማ ናት።"

ስሞቹን አንሥታችሁ ቦታቸውን ባዶ ተዉት። "በ ___ ዞን ___ ከተማ" የሚል ቅርጽ ይቀራል። ይህ ቅርጽ ለአርባ ምንጭም ለሆሳዕናም ለደሴም ከሠራ ያዙት። ለአንድ ጥንድ ብቻ ከሆነ ጣሉት፣ ያጋጣሚ ነገር ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ ይረዳናል። አድራሻ ስንናገር ከትልቁ ወደ ትንሹ ነው የምንወርደው፤ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ። ዜና አንባቢውም፣ ጋዜጣውም፣ የመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያም እንዲሁ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት መረጃ ይሰጣችኋል ማለት ነው።

ግን በባዶዎቹ መካከል ያለውን ርቀት አጥብቡት። ይህን ዓረፍተ ነገር እዩት፦ "በጋሞ ዞን በተካሄደው ጨዋታ ሀዋሳ ከተማ ነጥብ ተጋራ።" "ዞን" ከሚለውና ከከተማው ስም መካከል ሌላ ቃል እንዲገባ ከፈቀዳችሁ ኮምፒውተሩ ሀዋሳን ወስዶ ጋሞ ዞን ውስጥ ያስቀምጣታል። መጀመሪያ ላይ ምንም ቃል አታስገቡ። ጥንዶቹ ሲበዙ ቀስ ብላችሁ ፍቀዱ።

ሌላ ቅርጽም ጨምሩ። "እንደ ዲላ፣ ሆሳዕናና አርባ ምንጭ ያሉ ከተሞች" የሚለውን ያየ ኮምፒውተር ሦስቱም ከተሞች መሆናቸውን ይረዳል። ማርቲ ኸርስት የምትባል ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳየችው ዘዴ ነው፤ "እንደ... ያሉ" ለአማርኛ በደንብ ይሠራል። ይህ ቅርጽ ዞኑን አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ስሙ የከተማ ስም መሆኑን ነው፤ ያንን ለማጣሪያ ትጠቀሙበታላችሁ።

ማንሸራተት ሲጀምር

ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በቶም ሚቸል የሚመራ ቡድን በጥር 2010 እ.ኤ.አ. ኔል የሚባል ፕሮግራም አስነሣ። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ድረ ገጽ ያነብ ነበር። በ67 ቀናት ወደ 242 ሺህ የሚጠጋ መረጃ ለቀመ፣ ከዚያ ውስጥ 74 በመቶው ትክክል እንደሆነ ተገመተ። ልብ በሉ፦ በዙሮቹ የመጀመሪያ ሲሶ 90 በመቶ ትክክል የነበረው በመጨረሻው ሲሶ ወደ 57 ወርዶ ነበር። ምክንያቱ ስሕተት ስሕተትን መውለዱ ነው። በእንግሊዝኛ የብስኩት ስም (ኩኪ) የብሮውዘር ትንንሽ ፋይሎችም ስም ስለሆነ ኔል የኢንተርኔቱን ብስኩት የሚበላ ነገር ነው ብሎ ያዘ፤ ሰዎች "ፋይሎቼን ሰረዝኩ" እንደሚሉት ብስኩቱንም "ሰረዝኩ" ስላሉ ፋይልም የሚጋገር ነገር ሆነ።

የእኛው ብስኩት ኳስ ነው። "ኢትዮጵያ ቡና ሀዋሳ ከተማን አስተናገደ" የሚለውን ኮምፒውተሩ ሲያነብ ቡና የሚባል ቦታ አለ ይላል። "ሀዋሳ ከተማ አዳማ ከተማን አሸነፈ" ሲል ከተሞች እየተዋጉ ነው። ከዚያ "አሸነፈ" ከሚለው አጠገብ ያለ ስም ሁሉ ከተማ ይሆንና በሁለት ዙር ውስጥ ነገሩ ይበላሻል።

መፍትሔው ኮምፒውተሩ ከተማን ብቻውን እንዳይማር ማድረግ ነው። ክለብን፣ ሰብልን፣ ሰውን አብሮ ይማር፤ ለእያንዳንዳቸው አሥር አሥር መነሻ ስጡት፣ አንድ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከተማም ክለብም ሊሆን አይችልም በሉት። አሸነፈ፣ ተሸነፈ፣ አቻ ተለያየ፣ ነጥብ ጣለ፣ አስተናገደ ያለበት የክለብ ነው። አንድ ሌላ ፍንጭ ደግሞ አለ። ከተማን ብዙ ጊዜ በሴት ነው የምንጠራው፦ ሀዋሳ ትገኛለች፣ ናት፣ አደገች። ክለቡን ግን በወንድ፦ ሀዋሳ ከተማ አሸነፈ፣ ወረደ፣ አስፈረመ። ሁልጊዜ አይደለም፣ ስለዚህ እንደ አንድ ድምፅ ብቻ ቁጠሩት።

ማመን ያለበት መቼ ነው

ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ስላነበበ ብቻ አይመን። የስማ በለው ወሬ ኢንተርኔት ላይም አለ። የእኔ ደንብ ይሄ ነው፦ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ድረ ገጾች፣ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ቅርጾች፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የተሻለ። ያንን ያላሟላው "ተጠባባቂ" ተብሎ ይቀመጥ፣ ለቀጣዩ ዙር መነሻ አይሁን።

"የተለያዩ" የሚለው ላይ ጠንከር በሉ። የአማርኛ ዜና ይገለበጣል። አንድ ቦታ የወጣው በማግስቱ ሃያ ገጽ ላይ ቃል በቃል ይገኛል፣ ከነፊደል ግድፈቱ። ያ አንድ ምስክር እንጂ ሃያ አይደለም። ስምንት ተከታታይ ቃላት አንድ ከሆኑ እንደ አንድ ቁጠሩት።

እያንዳንዱን መረጃ ከአራት ነገር ጋር አስቀምጡ፦ ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ፣ የገጹ አድራሻ፣ የተጻፈበት ቀን፣ ያወጣው ቅርጽ። ቀኑን ለምን እንደምፈልገው ሀዋሳ ትነግራችኋለች። የቆዩ ጽሑፎች የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ይሏታል። ቀጥሎ የመጡት የደቡብ ክልል። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ተካሄደ፣ በሰኔ 2012 ክልሉ ተመሠረተ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት የሲዳማ ክልል ይሏታል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የቀድሞው የደቡብ ክልል ራሱ ቀረ። ሦስቱም ጽሑፎች በጊዜያቸው ልክ ናቸው። አዳማም ከ2000 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ነበረች። ኮምፒውተሩ በብዛት ብቻ ቢወስን የድሮው ያሸንፋል፣ ምክንያቱም ብዙ ዓመት ስለተጻፈ። ስለዚህ ከመቼ እስከ መቼ የሚል ቦታ ለእያንዳንዱ መረጃ ይኑር።

ቀን ስታወጡ ካሌንደሩን ለዩ። ዓ.ም. ብቻ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የኛ ነው፣ እ.ኤ.አ. ካለ የአውሮፓ። ምንም ከሌለ ወሩን እዩ፤ መስከረም ካለ የኛ፣ ሴፕቴምበር ካለ የነሱ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ወሩ ያልታወቀ ዓመት ስትቀይሩ ሁለት ዓመት አድርጋችሁ ያዙት፣ አንዱን አትገምቱ።

ቁጥርም ይለያያል። ከአዲስ አበባ ሀዋሳ አንዱ 273 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ሌላው 275። ሁለቱንም ከምንጫቸው ጋር አስቀምጡ። አማካይ አውጥቶ 274 ማለት ማንም ያልጻፈውን መጻፍ ነው።

በየዙሩ መመዘን

አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር ከአዲሶቹ 100 መረጃ በዕጣ አውጡ። ሁለት ሰው ለየብቻው ያንብብና ልክ፣ ስሕተት፣ አይታወቅም ብሎ ምልክት ያድርግ፤ ከዚያ ያልተስማሙበት ላይ ተነጋገሩ። ዞኑን የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። ሀዋሳ መናኸሪያ የሚሠራ ረዳት ከየትኛውም ካርታ በላይ የትኛው ከተማ ወዴት እንደሆነ ያውቃል። ከ100 ውስጥ ከ90 በታች ልክ ከሆነ አዲስ ዙር አትጀምሩ። ስሕተቶቹን አንብቡ፣ አብዛኛዎቹን ያመጣው አንድ ወይም ሁለት ቅርጽ መሆኑን ታያላችሁ፤ ያንን ቅርጽ አውጡት፣ ያመጣውንም ሁሉ አብራችሁ ሰርዙ። ዓረፍተ ነገሩንና ቅርጹን አብራችሁ ያስቀመጣችሁት ለዚህ ነው።

ቻትቦትም እዚህ ጋ ይጠቅማል፣ ግን በልኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ስጡትና "በዚህ ውስጥ የተጻፈውን ከተማና ዞን ብቻ አውጣ" በሉት። ከዚያ የመለሳቸው ሁለት ስሞች ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በእርግጥ መኖራቸውን በፕሮግራም አረጋግጡ። ከሌሉ ከራሱ ነው ያመጣው፤ ጣሉት።

የጠራ ዝርዝር ስታገኙ ላፕቶፕ ውስጥ አታስቀሩት። ዊኪዳታ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም ክፍት የሆነ የመረጃ ማከማቻ ነው። ለእያንዳንዱ መረጃ የምንጭ ቦታ አለው፣ የአማርኛ ስም መሙያም አለው። ብዙ ከተሞቻችን እዚያ በእንግሊዝኛ ስማቸው ብቻ ነው ያሉት። በእጅ እያያችሁ አስገቡ፤ በቦት (ራሱ በሚሠራ ፕሮግራም) በጅምላ ማስገባት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል።

ቀጣዩን ዝምድና ስትመርጡ ወንዝና የሚገባበትን ሐይቅ ሞክሩ። ጥቁር ውሃ ከሀዋሳ ሐይቅ፣ ብላቴ ከአባያ፣ መቂ ከዝዋይ፣ አዋሽ ከአቤ። ቅርጹ "ወደ ___ ሐይቅ የሚገባው ___ ወንዝ" ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ዝዋይ ደንበል ተብሎም እንደሚጻፍ የተለዋጭ ስሞች ሠንጠረዡ ላይ አስገቡ።